ጠብታ የምትሸሸው ሰው

በሕይወቴ እምላለሁ፣ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ቃል በቃል እውነት ነው። ውሸት ከተገኘበት የቀረኝን ዕድሜ ዛሬውኑ ይውሰደው፤ የቀረኝ ጥቂት ስለሆነ ወሳጁም ብዙ አያተርፍም እንጂ። የዳንግላ ሰው ይህን ሲያነብ እንደሚስቅ አውቃለሁ። «እሱ ከማለ ነገሩ አልተደረገም ማለት ነው» ይላሉ። ይበሉ። ሰው በዚህ ዕድሜው ስሙን አይቀይርም።

ልጅ ሳለሁ ከአጎቴ ከአያ መኩሪያ ጋር እኖር ነበር። እናቴ የእሱ ታናሽ እህት ነበረች፤ እኔን ከወለደች በኋላ ብዙ አልቆየችም። አባቴ ደግሞ ሥራ ፍለጋ ወደ ቆላ እንደወረደ እዚያው ቀረ። አያ ሚስትም ልጅም አልነበረውም። የነበረው አንድ ጋሪ፣ ዳማ የሚባል አንድ ቀይ ፈረስ፣ እና እኔ ነበርን። «ከሁሉ የምታስቀድመው ማንን ነው?» ብዬ ስጠይቀው «አንተን ነዋ!» ይለኝ ነበር፤ ማታ ማታ ግን ቀድሞ የሚበላው ዳማ ነበር።

«እርስዎ» ብዬ ስጠራው ይቆጣል። «እርስዎ አትበለኝ፣ ያስረጀኛል። እርስዎ የሚባሉት አባ ታከለ ናቸው፤ እኔ አያ ነኝ!» አባ ታከለ ማን እንደሆኑ ትንሽ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ቤታችን ከዳንግላ ከተማ ወጣ ብላ፣ የጋሪ መንገዱ ከሚያበቃበት ትንሽ አለፍ ብላ ነበር የቆመችው። ግድግዳዋ ቀርከሃ ሆኖ ጭቃው እዚህም እዚያም ስለረገፈ፣ ነፋስ ሲመጣ ቤቲቱ ራሷ ታፏጫለች። አያ ማታ ጋሪውን ፈትቶ፣ የዳማን ጀርባ በደረቅ ሣር አሽቶ ሲጨርስ ጎንበስ ብሎ ይገባና ከምድጃው አጠገብ ባለችው በርጩማ ላይ ይቀመጣል። ኩራዟ ጥግ ላይ ትንቀጠቀጣለች። የባሕር ዛፉ ቅርፊት መጀመሪያ ዓይን የሚያስለቅስ ጭስ ይለቅቅና፣ ከዚያ ጭሱ ወደ ጣሪያው ወጥቶ እንደ ሁለተኛ ጣሪያ ሲጋደም ከሥሩ ፍሙ ይቀላል። ያኔ ድንቹን ከረመጡ ውስጥ በእንጨት እየጫረ ያወጣና አንዱን ለእኔ ይወረውርልኛል። ወሬውን የሚጀምረው የመጀመሪያውን ጉርሻ ስጎርስ ነው፤ ትኩስ ድንች አፉ ውስጥ ያለ ልጅ እንደማያቋርጠው ያውቃላ!

«ዛሬ ጉሙ እንዴት ወፍሮ እንደነበር አየህ? ጋሪውን ጉሙ ላይ አስደግፌ ዞር አልኩ። ስመለስ ጉሙ ተነሥቶ ሄዷል፣ ጋሪዬ በጀርባው ተንጋሏል። ጊዮርጊስን!»

ወይም ደግሞ፣ «አንድ ሰካራም ተሳፍሮ የሰው ቤት ጠቁሞ ‹እዚህ አውርደኝ› ቢለኝ ዳማ እምቢ አለ። እየጎተተ ወስዶ ከእውነተኛ ቤቱ በር ላይ አቆመው። ሚስቱ ወጥታ ዳማን ግንባሩን ሳመችው፤ ባሏን ምን እንዳደረገችው ለልጅ አይነገርም። ጊዮርጊስን!»

የወሬው ሁሉ ማሰሪያ ይቺ «ጊዮርጊስን» ነበረች። እኔ ሁሉንም አምን ነበር። እውነቱን ለመናገር ስለ ጉሙ የተናገረውን አሁንም አምናለሁ።

የአያ ችግር ምን መሰላችሁ? «አላየሁም» የሚል ቃል ከአፉ አይወጣም ነበር። ሰው አንድ ነገር ከጠየቀው፣ ጠያቂውን ባዶ እጁን መመለስ እንደ ንፉግነት ይቆጥረዋል። እንግዳ ቤቱ መጥቶ ሳይቀምስ እንደሚሄድ።

ከቤታችን በላይ በኩል እቴ ዘነቡ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። በመሬቷ ዳር ያለውን ቀርከሃ እየቆረጠች ቅርጫት ትሠራለች፤ የምትተዳደረው በዚያ ነው። የባሏ ወንድም «ቀርከሃው ያለው በእኔ ወሰን ውስጥ ነው» ብሎ ተነሣባት። ነገሩ ከሽማግሌ ፊት ቀረበ። የሽማግሌዎቹ ታላቅ አባ ታከለ ነበሩ። ቄስ አይደሉም፤ ግን በዚያ አገር ያለ ፈረሰኛ ሁሉ አባቱን ሳይጠይቅ እሳቸውን ይጠይቃል። ሲመርቁ ግማሹን በአገውኛ ግማሹን በአማርኛ እየቀላቀሉ፣ እርጥብ ሣር ውሃ ውስጥ ነክረው ሰው ላይ ይረጫሉ፤ ሰውም መዳፉን ወደ ላይ ዘርግቶ በየመሀሉ «አሜን» ይላል። የእግዜር በረከት ወደ እኛ ሰፈር የሚመጣው በሌላ በኩል አይመስለንም ነበር፤ በአባ ታከለ ሣር በኩል ነው የሚመጣው።

እንግዲህ አያ በዚያ መንገድ ስለሚመላለስ ለምስክርነት ጠሩት። እኔም ከበስተኋላው ቆሜ ነበር።

«መኩሪያ» አሉት አባ ታከለ፣ «የወሰኑ ድንጋይ ከቀርከሃው ወዲህ ነበር ወይስ ወዲያ?»

አያ ድንጋዩን አይቶት አያውቅም። ግን ያ ሁሉ ሰው ዓይኑን እሱ ላይ ጥሎ ይጠብቅ ነበር።

«ወዲህ ነበር» አለ። ይህን ብሎ ቢያቆም ማንም አያምነውም ነበር። ግን ቀጠለ። «ዳማ በዚያ ድንጋይ ተሰናክሏል፤ ጋሪው ሊገለበጥ ትንሽ ነው የቀረው። ድንጋዩ ላይ አንዲት እንሽላሊት ፀሐይ ትሞቅ ነበር። ጭራዋ የተቆረጠ። ስንጮህ እንኳ አልሸሸችም፤ አንገቷን ቀና አድርጋ ‹ቀስ በሉ እንጂ!› እንደማለት አየችን። ጊዮርጊስን!»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ ሲስቁም አመኑት። ጭራ የሌላት እንሽላሊት ከልቡ የሚፈጥር ሰው አለ ብሎ ማን ያስባል? በዚያች እንሽላሊት ምስክርነት ቀርከሃው ለወንድምየው ተፈረደ። አያ ከማንም አንዲት ዋንጫ ጠላ እንኳ አልተቀበለም። ወሬው አምሮለት ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም።

እቴ ዘነቡ ቅርጫት የምትሠራበት ቀርከሃ ስታጣ ጫግኒ ወዳሉ ዘመዶቿ ለመውረድ ተነሣች። ዕቃዋን ወደ መናኸሪያ የሚወስድላት ጋሪ ስታጣ፣ የጫነላት ያው አያ ነው። እኔ ከላይ የተጠቀለለ ሰሌን ላይ ተቀምጬ ነበር። መንገዱን ሙሉ የሰማሁት የዳማን ኮቴ ብቻ ነው። ዕቃው ወርዶ ካለቀ በኋላ ነጠላዋን አስተካከለችና ወደ አያ ዞረች።

«መኩሪያ» አለችው፣ «ወሬህ ያምራል። ያቺን እንሽላሊት በዕድሜዬ አላየኋትም። አንተ ስትናገር ግን ታየችኝ።»

ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ስንመለስ አያ ጋሪው ላይ አልወጣም፤ ከዳማ ጎን በእግሩ ሄደ።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄዶ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ «አላየሁም» አለ። ጉድ ተባለ። ቀርከሃው ለእቴ ዘነቡ ይመለስ ተብሎ ተፈረደ፤ ለእሱ ግን አባ ታከለ እንዲህ አሉት፦ «ቀርከሃውን እኛ መልሰናል። ያንተን ግን እኛ መመለስ አንችልም። የጊዮርጊስን ስም ጠርተህ ሴትዮዋን ከቀዬዋ አስነቀልክ። ሂድና እሷ ራሷ ‹ይቅር ብዬሃለሁ› ትበልህ። እስከዚያ ድረስ ከሚመረቅ ሰው መሀል አትቁም።»

አያ ክረምቱን ሙሉ «ነገ እሄዳለሁ» እያለ ከረመ። እፍረት እግር ያስራል። መስከረም ሲጠባ እኔን ለጎረቤት አደራ ሰጥቶ አውቶቡስ ተሳፈረ። ሲመለስ ከበሩ ላይ ቆሜ እጠብቀው ነበር።

«አያ፣ አገኘሃት?»

«አገኘኋት» አለ፤ ጫማውን እያወለቀ። «መቃብሯን።»

ወባ ነበር ያሉት። ይቅር የምትለው አንዲት ሰው፣ ይቅር ሳትለው ሄደች። ቄሱ ንስሐ ሰጥተውታል፤ የታዘዘውን ስግደት ሰግዷል፤ ጾሙንም ጾሟል። ልቡ ግን አላመነለትም። «ቄሱ ደግ ናቸው» ይል ነበር፤ ሌላ አይጨምርም። ሰንበት ሰንበት፣ ሕዝቡ ከቅዳሴ ወጥቶ አባ ታከለን ከብቦ ሲመረቅ እሱ ከአጥሩ ውጭ ጋሪው አጠገብ ይቆማል። በጋሪ ተራ ያሉ ጓደኞቹም አልማሩትም። «መኩሪያ፣ እንሽላሊቷ ደህና ናት? ጭራዋ በቀለላት ወይ?» ይሉታል። ለማንም መልስ የማያጣ ሰው ልጓሙን ሲፈታና ሲያስር ይውላል።

ከጫግኒ በተመለሰ ማታ አዲስ ወሬ ጀመረ። ያኔ ነገሩና ወሬው አልተገናኘልኝም ነበር። ድንቹን ከረመጥ አወጣ፣ ወረወረልኝ፣ ጠበቀኝ፣ ጎረስኩ።

«አንድ ሰው ነበር» አለ፣ «የበረከት ጠብታ የምትሸሸው።»

ሰውየው ጥምቀት ሲሆን ከሰው ሁሉ ቀድሞ ይወጣል አለ። ጠበሉ ሲረጭ በቀኙ ያለው ሰው ይረጥባል፣ በግራው ያለው ይረጥባል፣ ከኋላው ያለችው አሮጊት እስከ መቀነቷ ትበሰብሳለች፣ እሱ እንደ አመድ ደረቅ ነው። ጠብታዋ ወደ እሱ ትመጣ ትመጣና፣ አፍንጫው ጋ ስትደርስ መንገድ እንደጠፋባት ሁሉ ዞር ትላለች።

«ከዚያስ?» አልኩ ድንቹን እንደምንም ውጬ።

«ነገ» አለኝ።

በሌላው ቀን ሰውየው ዛፍ ላይ ወጣ። ዛፉ ራሰ፣ እሱ አልራሰም። በሌላው ቀን ዝናብ ወደ ጀመረበት መንደር ሁሉ እየሮጠ አገር አዳረሰ፤ ዝናቡ አንድ እርምጃ እየቀደመው ቲሊሊን አልፎ ሄደ። በሌላው ቀን ተስፋ ቆርጦ ከዘንገና ሐይቅ ውስጥ ዘሎ ገባ። «ዘንገና መጨረሻ የለውም ይላሉ» አለ አያ፣ «ይኸኛው ሰው ግን መጨረሻውን ረግጦ፣ ከልብሱ ላይ አቧራ እያራገፈ ወጣ። ዳክዬዎቹ እስኪንፈራፈሩ ሳቁበት።»

እኔም እስክንፈራፈር ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ቀድሞ የወሬውን ማሰሪያ ሲያስር የሚላትን «ጊዮርጊስን»ም አላላትም። ከጫግኒ ከተመለሰ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ብሏት አያውቅም፤ ወሬው ሲያልቅ ከንፈሩ ይንቀሳቀስና ድምፁ ይቀራል።

አንድ ማታ «ጠብታዋ ለምንድን ነው የምትሸሸው?» ብዬ ጠየቅሁት። ጣቱን ከውሃ ቅሉ ነክሮ ፍሙ ላይ አራገፈ። «ትሽ» አለ ፍሙ፤ ትንሽ እንፋሎት ተነሣና ጠፋ።

«ምላሱ እንዲህ ነው» አለ።

«ታዲያ ለምን አይተዋትም? ለምን ይከተላታል?»

ከውጭ ዳማ በኮቴው መሬቱን ሲደልቅ ይሰማኛል። ኩራዟ ጋዝ ጨርሳ ክሯን መብላት ጀምራ ስለነበር ግማሽ ፊቱ ጠፍቶ ግማሹ ብቻ ይታየኛል።

«ሌላ ምን አለው?» አለ በመጨረሻ። «እግዜር ‹ሂድልኝ!› ቢለው ይሄድለት ነበር። ‹ሂድ› አላለውም። ዝም ነው ያለው። ‹ሂድ› ያላለህን ጌታ ደጅ ትጠናለህ እንጂ ምን ታደርጋለህ?»

በዚያ ሳምንት ሰንበት፣ ምርቃት ላይ ቆሜ ሳለሁ ዞር ብዬ ወደ አጥሩ አየሁ። አያ ከቀርከሃው አጥር ወዲያ ከዳማ ጎን ቆሟል። ሰው እንዳያየው መዳፎቹን ከደረቱ ዝቅ አድርጎ ዘርግቷቸዋል፤ የእኛ «አሜን» በተሰማ ቁጥር የእሱ ከንፈር ይንቀሳቀሳል። አባ ታከለ ሣሩን ሲያራግፉ ውሃው አጥሩ ጋ ሳይደርስ መሬት ላይ ወደቀ። ያን ጊዜ ሰውየው ማን እንደሆነ ገባኝ። ከሰው መሀል ወጥቼ ልሄድለት ፈለግሁ፤ እዚህ ብቀር እሱ ብቻውን ነው፣ ወደ እሱ ብሄድ እኔም ደረቅ እሆናለሁ ብዬ ፈራሁ። ቆሜ ቀረሁ። አሁን ሳስበው፣ ብቸኝነት የሚባለውን ነገር መጀመሪያ ያወቅሁት በዚያች የአጥር ወርድ ነው።

የጥር ጊዮርጊስ ደረሰ። በእኛ አገር በዚያ ቀን ፈረስ እንደ ሙሽራ ነው፤ በቀይና በቢጫ ክር ያጌጣል፣ አንገቱ ላይ ቃጭል ይታሰርለታል፣ ከጉግሱ በፊትም አባ ታከለ ፈረሶቹን አንድ በአንድ እየረጩ ይመርቃሉ። አያ በዋዜማው ዳማን ከጅረቱ አውርዶ አጠበው፣ ጋማውን አበጠረለት፣ ከአባቱ የወረሰውን ትልቅ ቡልኮ አውጥቶ አራገፈ።

«ነገ ዳማን አንተ ትመራዋለህ» አለኝ።

«አንተስ አያ?»

«እኔ ምን ቤት ነኝ? ዳማ ግን አልማለም። ፈረስ አይምልም። እሱ ለምን ይቅርበት?»

በጠዋቱ ሜዳው ከእግር እስከ አድማስ ፈረስ ነበር። አላጋነንኩም፤ ከእንጅባራ፣ ከቲሊሊ፣ ከየት ያልመጣ ነበር! የፈረሶቹ ትንፋሽ ተጠራቅሞ ደመና ሠርቶ ነበር ብል ማጋነን ይሆናል፤ ስለዚህ ትንሽ ደመና ብቻ ሠርቶ ነበር። አያ ቡልኮውን ዳማ ላይ ደርቦ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር «እዚህ እጠብቅሃለሁ» ብሎኝ ቀረና እኔ ዳማን ይዤ ወደ ሰልፉ ገባሁ። ትንሽ እንደሄድን የዳማ አካሄድ እንግዳ ሆነብኝ። ቡልኮው እስከ ጉልበቱ ተንጠልጥሎ፣ በአንድ ጎኑ እንደ ጆንያ አብጧል።

«ወደ ፊት እይ!» አለኝ ቡልኮው። «ወደ ኋላ ከዞርክ ዛሬ ድንች የለም።»

አያ ነበር። ከዳማ ሆድ አጠገብ እጥፍ ብሎ፣ ራሱን ከፈረሱ ጎን ለጥፎ፣ በቡልኮው ተሸፍኖ ይሄዳል። ከኋላችን ያለው ፈረሰኛ ለጓደኛው «የመኩሪያን ፈረስ አየኸው? ምን አብልቶት ነው፣ ሆዱ ብቻውን ይራመዳል እኮ!» ሲል ሰማሁት። ጓደኛውም «የጋሪ ፈረስ ነዋ፣ ተሳፋሪ ሳይዝ አይሄድም» አለና ተሳሳቁ። ከነገሩ በላይ ያስፈራኝ አያ ራሱ ከቡልኮው ሥር መሳቁ ነበር፤ የዳማ ጎን ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል።

አባ ታከለ ከመጀመሪያው ፈረስ ጀምረው መጡ። በጣም አርጅተው ነበር፤ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ አንድ ልጅ የውሃውን ቅል ይዞ ይከተላቸዋል። ሣሩ ይነከራል፣ ይራገፋል፣ ሰው «አሜን» ይላል። ቀረቡ። ከቡልኮው ሥር ሳቁ ቆመ። ቃጭሉ ይንጫጫል፣ ፈረሱ ያሽካካል፣ ሴቱ እልል ይላል፣ እኔ ግን ከዚያ ሁሉ ውስጥ የአያን ትንፋሽ ለይቼ እሰማ ነበር። ካሁን አሁን «ይህ ማን ነው?» ሊሉ ነው፣ በዚያ ሁሉ ፈረሰኛ ፊት ቡልኮውን ሊገልጡት ነው ብዬ ልጓሙን በሁለት እጄ ጨበጥኩ። ያን ቀን ቢያባርሩት ኖሮ፣ ለአያ ከአጥሩ ውጭ እንኳ የሚቆምበት ቦታ አይኖረውም ነበር።

አባ ታከለ ከዳማ ፊት ቆሙ። ወደ ታች አዩ። ከአራቱ ኮቴዎች መሀል ተረከዙ የተሰነጣጠቀ፣ በረባሶ የተጫማ ጥንድ የሰው እግር አለ። ልጓሙን የያዝኩት እኔ ብቻ እንድሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይኸ ፈረስ ስድስት እግር አለው» አሉ። «የፈጠረው ያውቃል። ስድስቱንም እግሩን ይባርከው።»

ሣሩን ነክረው ዳማ ላይ አራገፉና ወደሚቀጥለው ፈረስ አለፉ።

ከባሕር ዛፎቹ ጀርባ ስንደርስ አያ ከቡልኮው ሥር ወጣ። ወገቡን ቀና ማድረግ አቅቶት ጥቂት እንደታጠፈ ቆየ። ቀና ሲል ፊቱ ከግንባሩ እስከ አገጩ እርጥብ ነበር። ከአባ ታከለ ሣር ይሁን፣ ከዳማ ላብ ይሁን፣ ወይስ ከሌላ፣ አላወቅሁም። እሱም አልጠረገውም። ቀኑን ሙሉ በነፋሱ እንዲደርቅ ተወው።

ማታ ከምድጃው አጠገብ ተቀመጥን። ድንቹን ከረመጥ ከተተና ረሳው፤ ሲያርር ይሸተኛል፣ እሱ አልሸተተውም። አንድ ነገር ሊጠይቀኝ ፈልጎ እንዴት እንደሚጀምር እንደጠፋው ገብቶኛል። እንጨቱን ይቆሰቁሳል፣ ይተዋል፣ መልሶ ይቆሰቁሳል።

«እኛ ጋ ሲደርሱ ቆሙ አይደል?» አለ።

«ቆሙ።»

«ቡልኮው ከባድ ነው፣ ቃጭሉም አላሰማ ብሎኝ…» አለና ተወው። ከዚያ ያን ሁሉ ጊዜ የእኔ የነበረችውን ቃል አወጣ፤ «ከዚያስ?»

«ነገ» ልለው እችል ነበር። ፍሙን አየሁ፤ ፊቱን አየሁ። ነገርኩት።

«እንደገና በል» አለኝ።

«ስድስት እግር ያለው ፈረስ ዛሬ ገና አየሁ አሉ። ስድስቱንም እግሩን ያለምልመው አሉ።»

«ቅድም ‹ይባርከው› ነበር ያልከው።»

«ሁለቱንም ብለዋል።»

አያ፣ ፈረስ ገዢ የፈረሱን ጥርስ ገልጦ ዕድሜውን እንደሚያየው አድርጎ ፊቴን አየኝ። ረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ መዳፎቹን ዘረጋ፤ ከደረቱ ዝቅ አድርጎ አይደለም፣ ከፍ አድርጎ፣ ፍሙ እያቀላቸው። «አሜን» አለ።

በዚያው ማታ የዚያን ሰውዬ ወሬ ጨረሰልኝ። ሰውየው ፈረስ ሥር ተደብቆ ሳለ አንዲት ጠብታ መጥታ ቅንድቡ ላይ ዐረፈች አለ።

«ያን ጊዜ ለምን አልሸሸችውም?»

«እንጃ» አለ አያ። «መሸሹ ሰልችቷት ይሆናል።»

ከዚያ ወዲያ ብዙ ወሬ አላወራም፤ ብጠይቀውም «አለቀ እኮ» ይለኝ ነበር። በተከታዩ ክረምት ሳል ያዘውና ሄደ። በቀብሩ ቀን ዳንግላ ላይ ፀሐይ ወጥታ፣ ዝናቡ ከእሱ መቃብር ላይ ብቻ ወረደ። ጊዮርጊስን! እሺ፣ ዝናቡ በሁሉም ላይ ነበር። ግን በእሱ ላይም ነበር፤ እኔ ያን ቀን ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

ጋሪውንም ምላሱንም የወረስኩት እኔ ነኝ። ጋሪውን ባጃጅ ተካው፤ ምላሱን የሚተካ አልተገኘም። ልጆቼ ባሕር ዳር ናቸው፤ አንዳንዴ ይደውላሉ። ወሬ ስጀምርላቸው «አባባ፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው» ይሉኛል፤ እነሱም ማጋነን ይወዳሉ። ማታ ማታ ከሰል አያይዤ ድንች እጠብሳለሁ፤ ለአንድ ሰው ሁለት ድንች፣ ከልማድ የተነሣ። ሁለተኛውን ጠዋት ቀዝቅዞ አገኘዋለሁ። ምርቃት ሲኖር ከሁሉ ኋላ እቆማለሁ። በዚህ ምላሴ ስንቱን እንዳስቀየምኩ አውቃለሁ፤ ጠብታዋም እንደምታውቅ አውቃለሁ። መዳፌን ግን እዘረጋለሁ። እስካሁን «ሂድ» አላለኝም።

እንግዲህ ከላይ የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው፣ ከአንዲት ትንሽ ነገር በቀር። አባ ታከለ በዚያ ቀን ከዳማ ፊት ቆመው ምንም አልተናገሩም። ሣሩን ነከሩ፣ አራገፉ፣ አለፉ። ያንን እግር ይዩት አይዩት አላውቅም። ስድስቱን እግር የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ ያን ማታ፣ ያ ድንች ሲያርር። በሕይወቴ ያወራሁት የመጀመሪያው ወሬዬ ነው፤ እስከ ዛሬም ከእሱ የተሻለ አላወራሁም። ጭራ የሌላት እንሽላሊት የፈጠረ ሰው ስድስት እግር ያለው ፈረስ ሲሰማ ምን እንደሚያውቅ እናንተው ፍረዱ። ቢያውቅም «አሜን» ብሏል። ያን አሜን እግዜር ተቀብሎት እንደሆነ ያን ጊዜም አልነገረኝም፣ አሁንም አልነገረኝም።

ፊቱ ግን እርጥብ ነበር። ይህን በሕይወቴ እምላለሁ።